ውሻ አያልበውም

አባቴ ሰው ማነጋገር ትተው መጮህ መጀመራቸውን የነገረችኝ አክስቴ ናት። አክስቴ ወሬ ስታመጣ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥላ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ነገሩን ራሱን የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው።

“ስልኩ ላይ ግሩፕ ገብቷል” አለችኝ። “የቤት እንስሳ ያላቸው ሰዎች ናቸው አሉ። እዚያ ሰው ሆኖ መጻፍ ክልክል ነው፤ ሁሉም በእንስሳው አፍ ነው የሚያወራው። ወንድሜ ይኸውልሽ ከጠዋት እስከ ማታ ውሻ ነው።”

“ድሮስ” የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አባት ናቸውና ዋጥኳት።

ያኔ እኔና አባቴ ሆድና ጀርባ ከሆንን ሁለት ወር ሞልቶን ነበር። አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ስናድግ ቤታችን ውስጥ የጎደለው ደወል ብቻ ነው፤ የጥፍር ቁጥጥሩም፣ “ተራሽን ጠብቂ”ውም፣ ያረፈደ ምሳ የማያገኝበት ሕጉም ነበረ። ከአፋቸው ያገኘሁት ትልቁ ሙገሳ “ክፉ አይደለም” የሚል ነው። እሱንም ያገኘሁት ከክፍል አንደኛ የወጣሁ ጊዜ ነው። ሁለተኛ የወጣሁ ጊዜ ያሉኝን አልጽፈውም።

እናቴ ከሞተች በኋላ አክስቴ “ብቸኝነቱ ይጎዳዋል” ብላ አንድ ቡችላ ወሰደችላቸው። ሻለቃ የሚል ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። አንድ እሁድ ዘመድ ተሰብስቦ እሳቸው ቤት ምሳ ስንበላ፣ አባቴ ሥጋ በጣታቸው እየቆራረሱ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ይላሉ። “ብላ የኔ ጌታ። ብላ የኔ አለኝታ። ትናንት ሳትበላ አድረህ አንጀቴን በላኸው እኮ።” ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቃቸዋለሁ፤ አንጀት እንዳላቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

“አባባ፣ ለካ እኔ የተጎዳሁት ሁለት እግር ጎድሎብኝ ነው” አልኩ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ።

እንግዶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። “ውሻ መልስ አይሰጥም” አሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የሁለታችንም አንድ ላይ ወጣና አንድ ላይ ገደል ገባ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ እሳቸውም አልደወሉ፣ እኔም አልደወልኩ። ከአባቴ የወረስኩት ሁለት ነገር ነው፦ አፍንጫቸውንና ኩራታቸውን። አፍንጫው ቢያንስ ለመተንፈስ ይጠቅማል።

ታዲያ አክስቴ ያን ወሬ በነገረችኝ ማግስት ግሩፑን ፈልጌ አገኘሁት። “የባለ አራት እግሮች ቤት” ይባላል። የቤቱ አስተዳዳሪ ሁለት እግር ያላት በቀቀን ናት፤ ይህን ያነሳ አባል እስካሁን የለም። ለመግባት የእንስሳው ፎቶ፣ ስም፣ ዕድሜና ጠባይ ይጠየቃል። እኔ የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሌንስ እየቆረጥኩ ከፍሬሙ ጋር አገጣጥማለሁ። እንስሳ የለኝም። በእጄ ያሳደግኩት ነገር ቢኖር ኩርፊያ ብቻ ነው። ደግነቱ የሱቁ ባለቤት “ልጆች ቆም ብለው ያያሉ፣ እናቶቻቸው ይገባሉ” ብላ መስኮቱ ሥር አንዲት ኤሊ አስቀምጣለች። ልጆቹ ቆም ይላሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። በኤሊ ምክንያት መነጽር የገዛ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ሰላጣ የማበላት እኔ ነኝና ግማሽ እናትነት ይገባኛል ብዬ ፎቶ አነሳኋት፤ ስሟን ጥድፊያ አልኩት። ጠባይ የሚለው ቦታ ላይ “ቂም አትረሳም” ብዬ ሞላሁ። ወዲያው ተቀበሉኝ።

አስተዳዳሪዋ ጸጉር ሠሪ ናት፤ በቀቀኗ አፈ ጉባኤ ትባላለች። ሌላው እውነተኛ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የሚጽፈው ግን ወይዘሮ የምትባለውን አንድ ዓይና ድመቱን ሆኖ ስለሆነ ምክሩ ሁሉ በንቀት የተለወሰ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ ሁለት ጥንቸሎች አሉት፤ መንቶቹ ይባላሉ፣ ሁልጊዜ “እኛ” እያሉ ይጽፋሉ፣ ሁልጊዜም የሚፈሩት ነገር አያጡም። ሌሎችም ብዙ አባላት አሉ፤ የእነሱ ሥራ የልብ ምልክት መላክ ነው።

ቤቱ ልማድ አለው። በየማለዳው ከሦስት ሰዓት በፊት ሁሉም የዚያን ዕለት ፎቶና አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገባል። ያላስገባ “ቀሪ” ተብሎ ስሙ ይጻፋል። ይህን ቁጥጥር ያመጣው ማን እንደሆነ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። ርዕሰ መምህር ጡረታ ይወጣል እንጂ ሰልፍ አይተውም።

ከልማዱ በላይ ደግሞ ደንብ ቁጥር አንድ አለ፦ በዚህ ቤት እንስሳ ይናገራል፣ ሰው ይሰማል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጥንቸልነቱን ረስቶ “ጥርሴን አሞኝ ሳልተኛ አደርኩ” ብሎ ጻፈ። አፈ ጉባኤ “ክቡር አባል፣ የሰው ጥርስ የሚመለከተው ቤት ሌላ ነው” ብላ ለአንድ ሳምንት አገደችው። ሐሳቡን ቀድሞ የደገፈው ሻለቃ ነበር። ሰውየው ጉንጩ አብጦ ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ከረመ።

እኔ ግን ቤቱን ወደድኩት፤ ለምን እንደሆነ ልናዘዝ። አባቴን በሕይወቴ “አንተ” ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ኤሊ ውሻን “እርስዎ” ብትል ግን ያስቃል። ስለዚህ በየጠዋቱ ከሌንስ መቁረጫው ማሽን አጠገብ ቁጭ ብዬ አባቴን “አንተ” እላቸዋለሁ፤ ደስ ባለኝ ቀን ደግሞ “አንተ የቁንጫ ማደሪያ” እላቸዋለሁ። የሥራ ቦታ ደስታ ማለት ይህ ነው።

ሻለቃ፦ ሽማግሌው ጋዜጣ ሊያነብ መነጽሩን ቤት ሙሉ ፈለገ። ግንባሩ ላይ ነበር። አልነገርኩትም።

ጥድፊያ፦ ከጡረታ በኋላ ነው እንዲህ የሆነው ወይስ ሲያስተምርም ነው?

ሻለቃ፦ አንቺ ቀርፋፋ፣ ሽማግሌውን መስደብ የሚፈቀድለት እሱን የሚያበላው ብቻ ነው።

ጥድፊያ፦ አንተን የሚያበላህ እሱ አይደል እንዴ?

ወይዘሮ፦ ሁለታችሁም ዝም በሉ። ፀሐይ ላይ ተኝቻለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዘጠኝ ወር አለፈ። እኔ እሳቸውን እያየሁ እሳቸው እኔን የማያውቁ መስሎኝ ልቤ ፍርስ እስኪል እስቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ግን የማያስቅ ነገር ይጻፋል። “ሽማግሌው ዛሬ የሁለት ሰው ሾርባ ሠርቶ ሲያበቃ አንድ ሳህን እንደሆነ አስታወሰ። የተረፈውን እኔ ጠጣሁለት።” ያን ቀን ጥድፊያ ምንም አልጻፈችም። ኤሊ ናት፣ ቅርፊቷ ውስጥ መግባት መብቷ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሻለቃ እንዲህ ብሎ ገባ።

ሻለቃ፦ ደረጃው አቀበት ሆነብኝ። ሁለት ጊዜ ቆሜ ነው የወጣሁት።

ወይዘሮ፦ ወፍረሃል። አጥንት ቀንስ።

መንቶቹ፦ እኛ ደረጃ እንፈራለን።

ጥድፊያ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከኔ ተማርና ጡረታ ውጣ።

ይህ ቀልዴ አሥራ አንድ ልብ አገኘ። ማክሰኞ ደግሞ፦

ሻለቃ፦ የግራ የፊት እግሬ ከብዶኛል። ድንዛዜው እስከ ትከሻዬ ይወጣና ይተወኛል።

ወይዘሮ፦ ጣቶችህ መሃል እሾህ ይኖራል። አሳይ። ካልተገኘ ወደ ሐኪሜ ና፤ እጁ ቀዝቃዛ ነው እንጂ ሥራውን ያውቃል።

አፈ ጉባኤ፦ በሞቀ ዘይት ይታሽ! በሞቀ ዘይት ይታሽ!

ሻለቃ፦ ሽማግሌው አይቷል። እሾህ የለም።

ጥድፊያ፦ የሽማግሌው መነጽር ግንባሩ ላይ ነው፤ በምን ዓይኑ ነው ያየው?

አሥራ ዘጠኝ ልብ። ያን ያህል ልብ በአንድ ቀን ሰብስቤ አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ለራሴ እየሳቅኩ ዋልኩ፤ የሱቁ ባለቤት “ባል አገኘሽ እንዴ?” አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ለቁጥጥሩ የመጣው ፎቶ የሚያምር ነበር። ሻለቃ አየር ላይ ነው፤ አራቱም እግሩ ከመሬት ተነስቷል፣ አፉ ውስጥ የአባቴ ነጠላ ጫማ አለ፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተኝተዋል። ከሥሩ “አለሁ” የምትል አንድ ቃል ብቻ ነበረች። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሳምንት የጠበቀ ደንበኛ ሌንስ ማሽኑ ላይ አስቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

ሻለቃ፦ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መስሎኛል። ላብ አጥምቆኛል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ አየር ግን የለም። ከቁጥጥር ሰዓት ውጭ ጉባኤውን ስላስቸገርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወይዘሮ፦ ሻለቃ፣ ውሻ አያልበውም። መዳፉ ሥር ትንሽ ካልሆነ በቀር ላብ የሚባል ነገር የለውም። በደንብ አይተህ ጻፍ።

አፈ ጉባኤ፦ ሥነ ሥርዓት! ሕመም ማጋነን በደንብ ቁጥር አራት የተከለከለ ነው!

መንቶቹ፦ ስለ ላብ ሲወራ እኛንም አላበን።

ከኔ ቀልድ ተጠብቆ ነበርና አላሳፈርኳቸውም። “ሻለቃ፣ ሸሚዝህን አውልቅ” ብዬ ጻፍኩ። ልልከው አውራ ጣቴን ሳነሳ “ሸሚዝ” የምትለው ቃል ዓይኔ ውስጥ ቀረች። ውሻ ሸሚዝ የለውም። ሸሚዝ ያለው፣ አንገቱ ድረስ ቆልፎ የሚለብሰው፣ ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ እንኳ የማይከፍተው ሌላ ነው። ወደ ጠዋቱ ፎቶ ተመለስኩ። ደረጃ አቀበት የሆነበት ውሻ፣ የግራ እግሩ እስከ ትከሻው የደነዘዘ ውሻ፣ አየር ላይ ሆኖ ጫማ ነክሶ ይስቃል። ሻለቃ አልታመመም። ሻለቃ አንድም ቀን አልታመመም።

አባቴ ናቸው የታመሙት። በዚያ ቤት የሰው ሕመም ክልክል ነው፤ እሳቸው ደግሞ በሕይወታቸው ደንብ ጥሰው አያውቁም። ሦስት ቀን ሙሉ የገዛ ልባቸውን ውሻው ደረት ውስጥ አድርገው እርዱኝ ብለዋል። እኛም አጥንት ቀንሰንላቸዋል፣ በዘይት አሽተናቸዋል፣ እሾህ ፈልገንላቸዋል። እኔ፣ የአብራካቸው ክፋይ፣ ሠላሳ ልብ ሰብስቤባቸዋለሁ።

ሌንሱ ከእጄ ወድቆ ተሰነጠቀ። ደወልኩላቸው። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው። ከዚያ ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ይህ ውሻ አይደለም። አባቴ ናቸው፣ ልባቸውን ነው ያመማቸው። ብቻቸውን ናቸው። እኔ አርባ ደቂቃ እርቃለሁ፣ ቅርብ ያለ ሰው ይድረስላቸው።” አድራሻቸውንም አስከተልኩ።

አፈ ጉባኤ “ደንብ ቁጥር አንድ!” ብላ ጻፈች። ጽሑፉ ወዲያው ጠፋና በቦታው ሌላ መጣ፦ “ወይኔ ጉዴ። ለአምቡላንስ እየደወልኩ ነው።”

ወይዘሮ፦ አባት፣ ካሉበት አይነሱ። በሩ አጠገብ ካሉ ብቻ ቁልፉን ይክፈቱት፣ ከዚያ ቁጭ ይበሉ። ይህን የምለው እኔ ሐኪሙ ነኝ፣ ድመቷ አይደለችም።

መንቶቹ፦ እኔ ሁለት መንገድ ማዶ ነው ያለሁት። መሰላል አለኝ። ሄጃለሁ።

ሽርጤን ሳላወልቅ እግሬ አውጪኝ አልኩ። የሱቁ ባለቤት ከኋላዬ ስለ ደንበኛው ሌንስ ስትጮህ ይሰማኛል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ታክሲው ውስጥ ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይበቃም። ዋናው ይኼ ነው፦ አባቴ ሞተው ቢጠብቁኝ፣ የመጨረሻ ቃሌ “በምን ዓይኑ ነው ያየው” የሚል ነው። እሱንም ያልኩት ኤሊ ሆኜ ነው።

ስደርስ ጣሪያው ላይ መሰላል የታሰረበት መኪና በር ላይ ቆሟል። ያ በሁሉ ነገር የሚፈራው ጥንቸል በር የሚያክል ሰው ሆኖ አገኘሁት። ወገቡ ላይ ፒንሳና መፍቻ ታጥቆ፣ አባቴን እንደ ሕፃን አቅፎ ደረጃውን እየወረደ ነው። ሻለቃ ነጠላ ጫማውን ነክሶ በዙሪያቸው ይዘላል፤ የእሱን ጤና ላየ ሰው ያስቀናል። አባቴ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። የላይኛው ቁልፍ አሁንም እንደተቆለፈ ነው።

አዩኝ። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የመጀመሪያው ቃላቸው “ሥራ የለሽም?” የሚል ነበር።

“ሻለቃ ታሟል ሲሉ ሰምቼ ነው” አልኳቸው።

“ማን ነገረሽ?”

“አንዲት ኤሊ።”

“አውቃለሁ” አሉ፣ በሁለት ትንፋሽ። “ከገባሽ በሦስተኛው ቀን አውቄሻለሁ። እንዲህ ያለ ነገረኛ ኤሊ ከየት ይመጣል? ከኔ ቤት ነው እንጂ።”

እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። እኔ በስርቆሽ አያለሁ ስል እሳቸው ዘጠኝ ወር ሙሉ ፊት ለፊት ሲያዩኝ ኖረዋል።

“አባባ፣ አይናገሩ፣ ይደክምዎታል” አላቸው ሰውየው። መኪናው ውስጥ አስገብቷቸው በሩን ሲዘጋ ወደኔ ጠጋ ብሎ “ጥድፊያ አንቺ ነሽ? አጭር ነበር የምትመስይኝ” አለኝ። አባቴ አጠገብ ሆኖ አምቡላንሱን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ መንገድ እንደተዘጋበት ሲሰማ ነው ተሸክሟቸው የወረደው። ሻለቃ ሳይጋበዝ ከሽቦ ጥቅልሎቹ መሃል ገብቶ ተቀመጠ፤ አራት ሆነን ሄድን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው “ውሻ አይገባም” ሲል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሻለቃን ይዞ ውጭ ቀረ። ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ ቢያምረውም እጇ ፈጣን ነው። ደረታቸው ላይ ሽቦ እያስለጠፈች ጥያቄዋን ጀመረች።

“ምንዎን ያምዎታል አባባ?”

“ምንም።”

“መቼ ነው የጀመረዎት?”

“አልጀመረኝም። ትንሽ ደክሞኝ ነው።”

“ልጅዎ ግን ደረታቸውን አሟቸዋል ትላለች።”

“ልጄ ነገር ማጋነን ትወዳለች።”

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? መቼ እንደጀመረዎት፣ የት የት እንደሚሰማዎት ካላወቅኩ መድኃኒት መምረጥ እቸገራለሁ። ጊዜም የለንም።”

አባቴ ፊት ለፊታቸው የትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ የቆመ ይመስል አፋቸውን ግጥም አደረጉ። ይዤ ብነቀንቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ሞት በር ላይ ቆሞ እሳቸው ማዕረግ ይጠብቃሉ! ስልኬን ከፍቼ ግሩፑን አወጣሁና ለሐኪሟ ሰጠኋት። “ከሰኞ ጀምሮ ያንብቡት። ሻለቃ የሚለውን ብቻ” አልኳት።

አነበበች። “‘የግራ የፊት እግሬ’…” አለች። “የማን እግር ነው?”

“የሳቸው።”

“‘አጥንት ቀንስ’ የሚለውስ?”

“እሱ የኛ ሕክምና ነው።”

እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አልሳቀችም። ለዚህ ዕድሜ ልኬን አመሰግናታለሁ። ስልኩን መለሰችልኝና አባቴ ራስጌ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

“ሻለቃ አሁን እንዴት ነው?”

አባቴ ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ ካለው መብራት በቀር ምንም የለም፤ ግን ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ትንሽ ቀለል ብሎታል” አሉ። “ድንጋዩ ግን አልወረደም።”

“ወደ ሌላ ቦታ ይሄድበታል?”

“ወደ መንጋጋው። ከትናንት ወዲህ።”

“አስመልሶታል?”

“ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ። ፎቶውን ካነሳ በኋላ።”

“ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?”

“አምና አንድ ጊዜ። አንድ እሁድ፣ ምሳ በልተው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አሳለፈው።”

ሐኪሟ ጻፈችው። ለእሷ ተራ ቀን ነው። እኔ ያን እሁድ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በር ስዘጋ ምን ያህል እንዳጮህኩት ትዝ አለኝ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ። ያኔ የሚያስቀኝ ነገር ጠፋ፤ ብፈልግም አልመጣልኝም።

አስተኝተው ይዘዋቸው ሄዱ። ሁለት ሰዓት ያህል ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ እግሩ በተሰበረ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በየአሥር ደቂቃው ከውጭ ይደውላል፤ “ሻለቃ ጫማውን በላው፣ አባባ እንዴት ናቸው?” ይላል። ግሩፑ ላይ አፈ ጉባኤ “ደንብ ቁጥር አንድ እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ ታግዷል” ብላ አውጃለች። ዕድሉን ያገኙ አባላት እንደ ጎርፍ ፈሰሱ። አንዱ ወገቡን አሞታል፣ አንዷ ስኳሯ ጨምሯል፣ የእንስሳት ሐኪሙ ራሱ ለካ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል። የደጋግ እንስሳት ቤት ነው ስንል የበሽተኛ ማረፊያ ኖሯል።

ሐኪሟ ወጥታ “አልፎላቸዋል” አለችኝ። “ግማሽ ቀን ቢቆዩ ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ። ሻለቃን አመስግኚልኝ።”

ገባሁ። ትራስ ተደርቦላቸው ተንጋለዋል፣ ደረታቸው ላይ ሽቦዎች አሉ፣ ሸሚዛቸው ወልቋል። ያለ ሸሚዝ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀጭን ሰው ናቸው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። “ስልኬን አቀብይኝ” አሉ። አቀበልኳቸው። በአንዲት ጣት፣ ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ እኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ጭኔ ላይ ያለው ስልኬ ነዘረኝ።

ሻለቃ፦ ሽማግሌው ደህና ነው። በኤሊዋ ለጊዜው አትቀልዱ፣ ደንግጣለች።

አውራ ጣቴ ከኔ ቀድሞ ተነሳ። የዘጠኝ ወር ልማድ ቀላል አይደለም፤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ መልስ፣ ቢያንስ ሃያ ልብ የሚያመጣ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የሳቸውንም ቀስ ብዬ ከእጃቸው ወሰድኩና ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩት።

“አባባ፣ አጠገብዎ ነኝ” አልኳቸው። “ውሻውን ይተዉትና ለኔ ይንገሩኝ።”

የጎረቤት አልጋውን በሽተኛ ሳል ያዘው፣ ነርሷ መጥታ የተንጠለጠለውን የመድኃኒት ጠርሙስ አይታ ሄደች። የሚናገሩ አልመሰለኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ለስድስት መቶ ተማሪ ያለ ማጉያ ይናገሩ የነበሩት ሰው አንድ ቃል ጠፋባቸው።

“ያልደወልኩልሽ አታነሺም ብዬ አይደለም” አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ። “ብታነሺ ምን እላለሁ ብዬ ነው።”

“እኔም” አልኳቸው።

ዘጠኝ ወር ሙሉ በየማለዳው “እንዴት አደርክ” ያልኩት ውሻ ነው። አባቴን አንድ ቀን እንዴት አደሩ ብያቸው አላውቅም። ምን እንደሚባል ስለማላውቅ፣ ሐኪሟ ከጠየቀቻቸው ውስጥ የመጀመሪያውን ወሰድኩ።

“አሁንስ ያምዎታል?”

ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

“ያመኛል” አሉኝ። “በጣም ያመኛል፣ ልጄ።”